ማሽኑ እስኪደርስ ደረቱን ማን ይጫን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ሰው አጠገቤ ወደቀ። ገና ማለዳ ነው። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሰው እየጫነ ነበር። ሰውየው በአርባዎቹ ውስጥ ይሆናል። ጋቢ ለብሷል፤ በአንድ እጁ የማር ባልዲ ይዟል። አልጮኸም፣ ደረቴን አላለም። ዝልፍልፍ ብሎ መሬት ላይ ተዘረጋ።

ከበብነው። አንዱ ውኃ ረጨው። ሌላው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያዘለት። አንዲት እናት ከዘንቢላቸው ጸበል አውጥተው በስመ አብ እያሉ ፊቱን አበሱት። ሰውየው ሁለት ሦስት ጊዜ አጓራ። አየር የሳበ መሰለን። «ተመስገን፣ ይተነፍሳል» አልን። ከዚያ ባጃጅ ተጠራ። መሃል አድርገን፣ ግራና ቀኝ ደግፈን፣ ቁጭ እንዳለ ወሰድነው። ስንደርስ አልፏል።

ያ ማጓራት ትንፋሽ እንዳልነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ልብ በቆመ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚሰማ የጣር ድምፅ ነው። ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል። እኛ ግን የመትረፍ ምልክት አደረግነው። ስለዚህም ደረቱን የነካ ሰው አልነበረም።

ሰሞኑን ስለ ኤክሞ ሳነብ ያ ሰው ትዝ አለኝ። ኤክሞ የልብንና የሳንባን ሥራ ከሰውነት ውጭ የሚሠራ ማሽን ነው። ልቡ ቤቱ ወይ መንገድ ላይ ቆሞ በተለመደው ሕክምና አልነሳ ያለን ሰው በዚህ ማሽን ለመመለስ በሀብታም አገሮች ብዙ እየተሞከረ ነው። አንድ ወዳጄ ይህንኑ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከልኝና «እኛ ዘንድስ መቼ ይመጣል?» አለኝ። የዋህ ጥያቄ አይደለም። ባሕር ዳር ላይ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። ወጣት ስፔሻሊስቶችም እየበዙ ነው። ነገሩን ከሥሩ ማየት ደስ ይለኛል።

ከሰውነት ውጭ ያለ ልብ

በመጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። የልብ ሥር ሲደፈን የሚመጣው ሃርት አታክ ነው። ሰውየው ያመዋል፣ ያልበዋል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ያወራል። የልብ መቆም ሌላ ነው። ልብ ደም መግፋት ያቆማል፣ ሰውየው በሴኮንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። አንደኛው ሁለተኛውን ሊያመጣ ይችላል፤ አንድ አይደሉም።

ልብ ሲቆም መጀመሪያ የሚጎዳው አንጎል ነው። ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ያለ ደም ከቆየ መጎዳት ይጀምራል። ኤክሞ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ በሽተኛው ብሽሽት በኩል ሁለት ወፍራም ቱቦዎች ያስገባል። አንዱ ደም መልሱን ይዞ እስከ ልብ ደጃፍ ይደርስና የጠቆረውን ደም ይቀዳል። ደሙ በፓምፕ ተገፍቶ ሰው ሠራሽ ሳንባ ውስጥ ያልፋል። እዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጥሎ ኦክስጅን ይይዛል፤ ቀልቶ ይወጣል። በሁለተኛው ቱቦ፣ በደም ቅዳው በኩል፣ ወደ ሰውነት ይመለሳል። በደቂቃ ከ3 እስከ 5 ሊትር ያዞራል። ጤነኛ ልብ ሰውየው አርፎ ሲቀመጥ ከሚገፋው ጋር የሚቀራረብ ነው። ልቡ ጭራሽ ሳይመታ አንጎሉ ደም ያገኛል ማለት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጆን ጊቦን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1953 ፊላደልፊያ ላይ የአንዲት የ18 ዓመት ልጅ ልብ ከፍቶ ቀዳዳውን ሲደፍን፣ ደሟን ያዞረላት የዚህ ማሽን አያት ነበር። አዲሱ ነገር ማሽኑ አንሶ፣ ከቀዶ ጥገና ክፍል ወጥቶ፣ ልቡ ወደቆመበት ሰው ራሱ መሄዱ ነው። ፓሪስ ውስጥ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሽተኛው የወደቀበት ቦታ ላይ ተንበርክከው ቱቦውን ያስገባሉ። ሉቭር ሙዚየም ውስጥ፣ ከሥዕሎቹ ሥር ሳይቀር ሠርተውታል። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ ኤክሞ የተገጠመለት ተሽከርካሪ አላቸው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ማሽኑ ፋታ ይሰጣል እንጂ አያክምም። ድልድይ ነው ብንል ያስኬዳል፣ ማዶ ካለው። ማዶው የተደፈነውን የልብ ሥር በሽቦና በፊኛ የሚከፍቱበት ክፍል ነው። ማዶው የደም ባንክ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ሌሊቱን ሙሉ ማሽኑ አጠገብ የሚቆም ባለሙያ ነው። ይህ ሁሉ ከሌለ ድልድዩ ገደል መሃል ላይ ያልቃል። ያኔ ቤተሰብ አንጎሉ የሞተ ሰው በማሽን ሲሞቅ እያየ፣ ማን ያጥፋው ከሚል ከባድ ጥያቄ ጋር ይቀመጣል።

ሦስት ከተሞች፣ ሦስት መልስ

ማሽኑ ይሠራል ወይ? ሦስት ትልልቅ ጥናቶች ሦስት ዓይነት መልስ ሰጥተዋል። እኔን በጣም የሳበኝም ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ከሚኒያፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2020 ታተመ። 30 ሰዎች ብቻ ናቸው። ኤክሞ ካገኙት 43 ከመቶው ከሆስፒታል በሕይወት ወጡ። በተለመደው መንገድ ከታከሙት 7 ከመቶ ብቻ። ልዩነቱ እጅግ ስለሰፋ ጥናቱ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ዓለም ሁሉ ጉድ አለ።

ሁለተኛው ከፕራግ፣ እ.ኤ.አ. በ2022። 256 ሰዎች ገቡበት። ከስድስት ወር በኋላ አንጎላቸው ደህና ሆኖ በሕይወት የነበሩት በኤክሞው ወገን 31.5 ከመቶ፣ በሌላው 22 ከመቶ ናቸው። ብልጫ ያለ ይመስላል፤ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም ለማለት ግን አልበቃም።

ሦስተኛው ከኔዘርላንድስ፣ እ.ኤ.አ. በ2023። 10 ሆስፒታሎች፣ 134 ሰዎች። ውጤቱ 20 ከመቶ ለ16 ከመቶ። ልዩነት የለም እንደማለት ነው። ከዚያ በፊት በፓሪስና በአካባቢዋ ልባቸው የቆመ ከ13,000 በላይ ሰዎች መዝገብ ሲታይም ኤክሞ ካገኙት 525 ሰዎች 8.4 ከመቶው፣ ካላገኙት 8.6 ከመቶው ተርፈዋል።

ያው ማሽን ነው። ታዲያ ምን ለያየው? እኔ እንደማየው ሰዓቱና ሰዉ ነው። ሚኒያፖሊስ አንድ ቡድን ነው፣ ሥራው በእጁ የገባ። የመረጧቸው ሰዎችም የተለዩ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 75፣ ልባቸው በኤሌክትሪክ ሊነሳ በሚችል ምት ላይ ያለ፣ በኤሌክትሪክ ሦስት ጊዜ ተመትተው ያልተነሱ፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሆስፒታል ሊደርሱ የሚችሉ። ሰውየው ከወደቀ አንድ ሰዓት አካባቢ ሲሆነው ደሙ በማሽኑ ይዞራል። ኔዘርላንድስ ላይ ሥራው በአስር ሆስፒታል ተበታተነ፤ እያንዳንዱ ጋ የደረሰው ጥቂት ሰው ነው። ሰዓቱም ከ70 ደቂቃ በላይ ወሰደ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ሥራው በእጁ የገባ ቡድን እንኳ አንድ ሰዓት አካባቢ ይፈጅበታል። አንጎል ደግሞ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ነው የሚታገሠው። መሃል ላይ ያለውን ሃምሳ ምናምን ደቂቃ ማን ሞላው?

እጅ ነው የሞላው። መጀመሪያ የሚስቱ፣ የሥራ ባልደረባው፣ የመንገደኛው እጅ። ቀጥሎ የአምቡላንስ ሠራተኛው። ከዚያ ደረት የሚጫን ማሽን። በደንብ የተጫነ ደረት ጤነኛ ልብ ከሚገፋው ደም ሩቡን፣ ቢበዛ ሲሶውን ያህል ይገፋል። ትንሽ ናት። ግን ያቺ ትንሽ ናት አንጎሉን ለማሽኑ ያቆየችው። ሚኒያፖሊስ ላይ በእግሩ ወጥቶ ቤቱ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ደረቱን የተጫነለት ሰው ነው። የኛ ባለ ማር ባልዲ ግን ያን አላገኘም።

ጎጃም ላይ ሰዓቱ ሲቆጠር

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተደፈነ የልብ ሥር የሚከፈተው በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። መሃል ላይ የአባይ በረሃ አለ። ከደጀን ወርዶ ጎሃ ጽዮን መውጣት ብቻውን የኤክሞን ሰዓት ይጨርሳል። ይህ መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ጎጃም ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ምጥ የያዛት ሴት እንኳ በቃሬዛ የሄደችበት ጊዜ ነው።

አምቡላንሱም ቢሆን በየወረዳው የተመደበው በዋናነት ለወላድ እናቶች ነው። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ብዙ እናት አትርፏል። ግን ልቡ ለቆመ ሰው የተሰናዳ አይደለም። ብዙዎቻችን ስልካችን ላይ የያዝነውም የቀይ መስቀሉን 907 ሳይሆን የሹፌሩን የግል ቁጥር ነው። ሹፌሩ ደውለንለት በፍጥነት ቢመጣ እንኳ በስልክ «እጅህን ደረቱ መሃል ላይ አድርግ፣ ቁጠር» የሚለን ሰው የለም። ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳውን መሣሪያ፣ በሌላ አገር በየባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን፣ እኔ ጎጃም ውስጥ መናኸሪያም ገበያም ላይ አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ኤክሞ ነገ ባሕር ዳር ይምጣ የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም። ማሽኑን መግዛት ቀላሉ ነው። በሀብታም አገር እንኳ አንድ ሰው ላይ የሚወጣው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ከማሽኑ ጋር የሚሰጠው ደም ማቅጠኛ ደም ሊያፈስ ይችላል፣ ቱቦ የገባበት እግር ደም ሊያጥረው ይችላል፣ መብራት ለደቂቃ መጥፋት የለበትም። በዚያ ገንዘብ ስንት ሕፃን የቶንሲል ሕመሙ በጊዜ ታክሞ የልብ ቫልቩ ሳይበላሽ ያድጋል? ቫልቯ የተጎዳች ስንት ልጅ በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌዋን ሳታቋርጥ ትከታተላለች? እኛ ዘንድ ወጣቱን በልብ በሽታ የሚቀጥፈው ይኸው ነው።

«ኤክሞ ለኛ አይደለም» ብሎ መዝጋትም ግን ስህተት ነው። አንድ ምክንያት ልስጥ። ለእህል ነቀዝ የሚደረገውን ክኒን ገበሬው ሁሉ ያውቀዋል። እርጥበት ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። እህሉ በተከማቸበት ቤት የተኛ ቤተሰብ ሊጎዳ ይችላል። መርዙ ልብን ያደነዝዛል፤ የሚሽር መድኃኒት የለውም። ልቡ ግን ለጥቂት ቀናት ደም የሚያዞርለት ካገኘ ተመልሶ ሊሠራ ይችላል። ህንድ ውስጥ ሐኪሞች እንዲህ የተመረዙ ሰዎችን በኤክሞ አትርፈዋል። እንደ ጎጃም ጎተራው ሙሉ ለሆነ አገር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የባሕር ዳሮቹ ሆስፒታሎች፣ ጥበበ ግዮን ወይም ፈለገ ሕይወት፣ አንድ ቀን ኤክሞ ቢኖራቸው፣ መጀመሪያ የሚጠቅመው መንገድ ላይ ለወደቀው ሳይሆን ሆስፒታል ደርሶ ልቡ እየደከመ ላለው እንዲህ ላለ ወጣት ይመስለኛል።

እስከዚያስ?

የኛ ልብ የሚቆምበት መንገድ

ጥናቶቹ የመረጧቸው ሰዎች አብዛኞቹ የልብ ሥር የተደፈነባቸው ናቸው። ጎጃም ውስጥ ልብ የሚቆምበት መንገድ ከዚህ ይሰፋል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ እጅና ትንፋሽ ብቻቸውን ሰው ሊመልሱ ይችላሉ።

መብረቅ አንዱ ነው። በክረምት ከጮቄ ተራራ እስከ ቆላው ድረስ እረኛ፣ ገበሬ፣ ዛፍ ሥር የተጠለለ መንገደኛ ይመታል። መብረቅ የመታው ሰው ልብ ብዙ ጊዜ ራሱ መልሶ ይነሳል። ትንፋሹ ግን ቆሞ ይቀራል። ልቡ ተነስቶ፣ አየር አጥቶ፣ እንደገና ይቆማል። በዚያ መሃል አንድ ሰው አፉ ላይ አፉን አድርጎ ቢተነፍስለት፣ ደረቱን ቢጫንለት ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ መብረቅ ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲጥል የሚጮኸውን ትቶ ዝም ያለውን ማስቀደም ነው። የተመታ ሰው ገላ ኤሌክትሪክ አይዝም። ብትነኩት ምንም አትሆኑም። ይህን ፍርሃት ብቻ ማስቀረት ስንት ሰው ያተርፋል!

ሁለተኛው ውኃ ነው። ጣና ዳር፣ አባይ ዳር ያደገ ሰው የሰመጠ ልጅ ሲወጣ አይቶ ይሆናል። እግሩን ይዞ መዘቅዘቅ፣ ሆዱን መጭመቅ ነው የተለመደው። ይህ ደቂቃ ያባክናል፤ ትውከቱም ወደ ሳንባ ይገባል። የሰመጠ ሰው ያጣው አየር ነው። ስለዚህ ትንፋሽ ይቅደም፣ ደረት መጫን ይከተል።

አሠራሩን ሁሉም ሊይዘው ይችላል። የወደቀው ሰው ሲጠሩት ካልሰማ፣ በወጉ ካልተነፈሰ ወይም ካጓራ ልቡ ቆሟል ብላችሁ ጀምሩ። በጀርባው ጠንካራ መሬት ላይ ይተኛ። አንድ ሰው ይደውል፣ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ይሁን። የመዳፍ ግርጌ ደረት መሃል ላይ፣ ሁለተኛው እጅ ከላይ፣ ክርን ሳይታጠፍ። ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይግባ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። በየመሃሉ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ይመለስ። በየ2 ደቂቃው ሰው ይቀያየር፣ ክንድ ይዝላል። ባጃጅ ላይ ቁጭ አድርጎ መውሰድ ግን እንደ መግደል ነው፤ ይህን የምለው እያመመኝ ነው። ጸበሉም ይረጭ፣ ጸሎቱም ይደረግ። እጅ ግን ከደረት አይነሳ።

ይህ በአዋጅ ብቻ አይመጣም፣ ያለ አዋጅም አይሰፋም። ዴንማርክን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደረት የመጫን ሥልጠናን ትምህርት ቤት ውስጥ ግዴታ አደረጉት። በ2006 መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሁሉ እንዲሠለጥን ወሰኑ። በ2001 ልቡ ከቆመ ሰው መንገደኛ ደረቱን የተጫነለት 21 ከመቶው ብቻ ነበር። በ2010 ወደ 45 ከመቶ ደረሰ። ከ30 ቀን በኋላ በሕይወት ያለውም ከ3.5 ወደ 10.8 ከመቶ አደገ። ሌላም ነገር አሻሽለዋል፤ ግን ከሁሉ በፊት የቆመው የመንገደኛው እጅ ነው።

እኛስ? መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሁሉ፣ የባጃጅ ሹፌሩን ጨምሮ፣ ለ2 ደቂቃ ተንበርክኮ ይጫን። መናኸሪያ ያሉ ረዳቶች፣ ትራፊክ ፖሊሶች፣ ዲያቆናት ይማሩ። ጎጃሜ ለቃሬዛ እንግዳ አይደለም። አራት ሰው ተሸክሞ ሲደክም ሌላ አራት ሳይጠራ ትከሻውን ይሰጣል። ደረት መጫንም ያው ነው፤ ተራ መግባት ነው።

ባለፈው የሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ አንዲት ነርስ ጋብዘን ነበር። የማሠልጠኛ አሻንጉሊት ስለሌለን ትራስ ጠቅልላ በነጠላ አሠረችው። ሰው መጀመሪያ ሳቅ ሳቅ አለው፣ ከዚያ ጸጥ አለ። አንድ ወጣት እጁን አወጣና «ሲስተር፣ ሴት ብትሆንስ? ወንድ ደረቷን ይንካ?» አላት። የኛ ነውር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት አደባባይ ላይ ልባቸው ከቆመ ወንዶች 45 ከመቶው ደረታቸው ሲጫን፣ ከሴቶቹ ግን 39 ከመቶው ብቻ ናቸው። ነርሷ መልስ ሳትሰጥ ከፊት የተቀመጡት እትዬ ተነሱ። «እንዴ ልጄ! ሞታ እንገንዛት ነው የምትል?» አሉት። ነጠላቸውን አደግድገው ትራሱ አጠገብ ተንበረከኩ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ወጣቱ ደግፎ አስቀመጣቸው። ስልሳ እስኪሞላ ጮክ ብለው እየቆጠሩ ተጫኑ። ከዚያ ዞር ብለው «ና ተካኝ» አሉት።